ባቡሩ ደረሰ?

እኛ ቤት ሳሎን ውስጥ የአቀማመጥ ሕግ አለ። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም አይሽረውም። ትልቁ ሶፋ የአባዬና የእማዬ ነው። እኔና እህቴ ትንሹ ላይ። ቤት የምታግዘን ልጅ በሩ ጋ ትቆማለች። ሠራተኛ አንላትም፤ «እንደ ልጃችን ናት» ነው የምንለው። ስሟ ሀብታም ነው። እናቷ ያወጡላት ነው፤ እኛ የለንበትም።

ባለፈው እሁድ ቡና እየጠጣን «ስኖውፒርሰር»ን ከፈትኩላቸው። የኮሪያው ቦንግ ጁን ሆ በፈረንጆቹ 2013 ያወጣው ፊልም ነው። ታሪኩ የተወሰደው ከፈረንሳዮች የሥዕል ልብ ወለድ ነው። ቦንግ መጽሐፉን ሴኡል ውስጥ አንድ ሱቅ አገኘና እዚያው እንደቆመ አንብቦ ጨረሰው ይባላል። ቆሞ! ይህን በአድናቆት ሳወራ በሩ ጋ ማን እንደቆመ ልብ አላልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምድርን ሙቀት እናበርዳለን ብለው ሰማይ ላይ የረጩት ኬሚካል አብዝቶ አበረደውና ዓለም በረዶ ሆነች። የተረፈው ሰው ሁሉ አንድ ባቡር ውስጥ ነው። ባቡሩ በዓመት አንዴ ዓለምን ይዞራል።

«የት ሊደርሱ ነው?» አለች እማዬ።

«የትም። ይዞራሉ።»

«ትኬት ቆርጠው?»

የፊተኞቹ ቆርጠዋል። ጭራ ላይ ያሉት ሳይከፍሉ የተሳፈሩ ናቸው። ስለዚህ 17 ዓመት ሙሉ ተፋፍገው ጥቁር ጄሊ የመሰለ ነገር ይበላሉ። ፊት ያሉት ሱሺ አላቸው፣ ሳውና አላቸው፣ ጭፈራ ቤት ሁሉ አላቸው።

ሜሰን የምትባል ሹም አለች፤ ቲልዳ ስዊንተን ናት የምትሠራት። የጭራዎቹን አንድ ሰውዬ አናት ላይ ጫማ ታስቀምጥና ትሰብካለች። ባርኔጣ የራስ ነው፣ ጫማ የእግር ነው። እኔ ባርኔጣ ነኝ፣ እናንተ ጫማ ናችሁ።

እማዬ ተንገበገበች። «ውይ ክፋት! እነሱስ ሰው አይደሉም እንዴ? ሀብታም፣ ነይ ሲኒውን አንሺማ!»

ሀብታም አነሳች። ግን ቶሎ አልሄደችም። ጄሊው ከበረሮ እንደሚሠራ የሚታወቅበት ቦታ ላይ ደርሰን ነበር። እህቴ ፈንዲሻውን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ ማሽኑ ጋ የሚሠራው ሰውዬ ከየትኛው ፉርጎ ነው የመጣው?» አለችኝ ሀብታም።

«ከጭራው።»

«ብዬ ነበር» አለችና ሲኒውን ይዛ ወጣች።

ከዚያ ያመፁትን የጭራ ሰዎች ሊያስቆሙ የመጡ፣ መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ከፍልሚያው በፊት የአንድ ዓሣ ሆድ ሲሰነጥቁ ይታያል። አባዬ «ይሄ ዓሣ ደግሞ ምን ሊያደርግ መጣ?» አለ። የአሜሪካው አከፋፋይም ይህ ይቆረጥ ብሎ ነበር። ቦንግ ታዲያ «አባቴ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ፤ ለእሳቸው ያስገባሁት ነው» አለው። ዓሣው ተረፈ። ሰውየው ግን ዓሣ አጥማጅ አልነበሩም። ከሥራ ለመቅረት ስንት አጎት የቀበርኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ልቤ ተነካ።

ወደ መጨረሻው ሁላችንም የጭራ ሰዎች ሆንን። የአመፁ መሪ ሞተሩ ጋ ሲደርስ አባዬ ከሶፋው ተነስቶ «በለው!» አለ። እማዬ እንባዋን ጠረገች። ከወጥ ቤት የሳህን መንኳኳት ስለበዛ እህቴ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ጨመረችው።

በማግስቱ ሀብታም ቁርስ ስታቀርብ ጠጋ አለችኝ።

«ጋሼ፣ ባቡሩ ደረሰ?»

«ተገለበጠ።»

ትንሽ አሰበች። «ፊተኛውም?»

«ፊተኛውም።»

በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፈን አደረገች።

«ሻይ ልጨምርልህ?»