እርማት፦ «ብዙ ማንበብ ያሳብዳል» ለምትሉ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ብዙዎቻችሁ «የጅማው ልጅ የታመመው ጥናት አብዝቶ ነው፤ ንባብ ያሳብዳል» ብላችኋል። ለልጁ እንደተጨነቃችሁ ይገባኛል፤ ግን ንባብ አያሳብድም። እንደ ስኪዞፍሬኒያ (ሰው እውነታን ከቅዠት መለየት የሚቸገርበት የአእምሮ ሕመም) ያለ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ16 እስከ 30 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከፈተና ዘመን ጋር የሚገጣጠመው ለዚህ ነው። ትምህርት ቤት ያልረገጠውን ቡና ለቃሚም፣ እረኛም በዚያው ዕድሜ ይይዛል። ተማሪውን የሚጎዳው ሌሊቱን በጫት ማንጋት ነው፤ እንቅልፍ ማጣትና ጫት ሕመሙን ሊቀሰቅሱ፣ ሊያባብሱም ይችላሉ።

እኔን የሚያሳዝነኝ መዘዙ ነው። መጽሐፉ ይደበቃል፣ ልጁ ከትምህርት ይቀራል፣ «ጥናቱን ከተወ ይሻለዋል» እየተባለ ሕክምናው ይዘገያል። ማረጋገጥ የፈለገ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎችን ይጠይቅ። የታመመ ልጅ ቤት ያላችሁም ዛሬውኑ ውሰዱት።