ወፍራም መጽሐፍ ይኖርሻል?

ትናንት ማታ ጎረቤቴ በር አንኳኩታ "ስሚማ የኔ ቆንጆ፣ ወፍራም መጽሐፍ ይኖርሻል?" አለችኝ። ልቤ ዘለለ! ቀኑ እያጠረ ምሽቱ እየረዘመ ሲመጣ ሰው ወደ ንባብ ይመለሳል ሲባል እሰማ ስለነበር በቃ መጣልኝ ብዬ "ምን ዓይነት? ልቦለድ ነው ታሪክ?" ስላት "የፈለገው ይሁን፣ ብቻ ይክበድ" አትለኝም! ለካ መንገድ ላይ የለቀመችውን ቅጠል ልትጫንበት ነው።

ቅጠል ማድረቅ ነውር ነው አላልኩም። እንደውም የተከበረ ሙያ ነው፤ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን አገር ቦሎኛ ያስተምር የነበረው ሉካ ጊኒ የሚባል ሐኪም ነው ዕፅዋትን ተጭኖ አድርቆ ወረቀት ላይ መለጠፍን አስጀመረ የሚባለው፣ ዛሬ ለንደን ኪው የሚባለው የዕፅዋት መናፈሻ ያለው ስብስብ ከ7 ሚሊዮን በላይ የደረቁ ናሙናዎች አሉት። ግን እነዚህ ሰዎች ውሃ የሚመጥ ወረቀት ያነጥፋሉ፣ ሲረጥብ ይቀይራሉ፣ የት እና መቼ እንደተለቀመ ይጽፋሉ። የኛዎቹ እርጥቡን ቅጠል መሀል ገጽ ላይ ይወሽቁና ይረሱታል፤ ከዓመት በኋላ መጽሐፉን ስትከፍቱ ቡናማ እድፍ፣ ሻጋታ፣ ከዛ ደግሞ ሁለት ገጽ ተጣብቆ፣ ስታላቅቁት ቅዳጅ። "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" ያለው አባት ይባረክ። ይቺን ተረት በጣም ነው የምወዳት፣ ሰው ሁሉ ሁለተኛዋን ግማሽ ይዞ ስለ ንግግር ይመክርባታል፣ እኔ ግን የመጀመሪያዋን ነው የቤቴ በር ላይ መለጠፍ የምፈልገው።

መጸው ሲመጣ ሰው ምን እንደሚነካው አላውቅም ብቻ ሁሉም ሆቢ ያወጣል። ሹራብ እሠራለሁ ብሎ ክርና ኪሮሽ የሚገዛው፣ ክሩን በየቀለሙ ደርድሮ ፎቶ የሚያነሳው፣ ሹራቡ ግን አንገቱ ላይ እንደቆመ ሙቀቱ ተመልሶ የሚመጣበት። ለእግር ጉዞ ወጥቶ ያንኑ ቅጠል ወደ ላይ እየበተነ ቪዲዮ የሚቀረጸው (አልወጣም ብሎ ይደግመዋል፣ ቅጠሉን መልሶ ይሰበስባል፣ አላፊ አግዳሚውን "ትንሽ ዞር በሉልኝ" ይላል፣ መንገዱ የአባቱ ይመስል)።

ቅጠሉ ራሱ እኮ ለካሜራ አይደለም የሚቀላው። ቀን ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ዛፉ አረንጓዴውን ክሎሮፊል እያፈራረሰ ጠቃሚውን ነገር ወደ ግንዱ ይሰበስባል፣ ቆጣቢ ነው። ቀዩ ቀለም አንቶሲያኒን ይባላል፣ እሱ በዛው ሰሞን አዲስ የሚሠራ ነው። ቢጫው ግን ከጅምሩ ቅጠሉ ውስጥ ነበረ፣ አረንጓዴው ሸፍኖት ነው እንጂ። ይሄን ያነበብኩ ቀን ወዲያው ትዝ ያለኝ አንድ የድሮ ጓደኛዬ ነው፤ የሱም ቀለም ከጅምሩ ነበረ፣ ሳቁ ሸፍኖት ነው።

እሱ ሰውዬ የባለ ሁለት ቅጽ ልቦለዴን አንደኛውን ቅጽ ተዋሰኝ። ሁለተኛው ይኸው መደርደሪያዬ ላይ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል፣ ማን እንደሞተ አውቃለሁ ለምን እንደተጣሉ ግን መለስ ብዬ ላይ ብል የማይበት የለም። በጠየቅኩት ቁጥር "እያነበብኩት ነው እህቴ፣ ቀስ ብዬ እያጣጣምኩት" ይላል። ስንት ዓመት ነው የሚጣጣመው?! ባለፈው ደግሞ "የመጸው የንባብ ጥጌ" ብሎ ፎቶ ለጠፈ፤ ሻማ አለ፣ ብርድ ልብስ አለ፣ እንፋሎቱ የሚታይ ኩባያ አለ፣ የሚነበብ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ፎቶውን ሳጎላው ላፕቶፑ ሥር፣ ከፍ እንዲልለት፣ የኔ አንደኛ ቅጽ! በጀርባው አወቅኩት፣ ጥጉ ላይ የተላጠችው እኔ ጋ እያለ ነው የተላጠችው። ኮመንት ላይ "መልካም ንባብ" ብዬ ጻፍኩለት፣ ልብ ላከልኝ። ልብ! እስቲ አሁን ይሄን ሰው ምን ይሉታል? ደውዬ ልጮህበት ነበር፣ ግን መጽሐፉን የሚያስመልስ ጩኸት እስካሁን አልተፈጠረም። መጽሐፍ መዋስ ማለት እኮ መልሶ መስጠትን ያካትታል፣ አለበለዚያ ሌላ ስም አለው፣ ስሙንም ሁላችንም እናውቀዋለን።

ብቻ ወሬ አበዛሁ። ለጎረቤቴ የድሮ የስልክ ማውጫ ሰጥቼ ሸኘኋት፣ "ይሄ ትንሽ ቀለለ" ብላ አኩርፋ ሄደች። ቅጠል ለምታደርቁ ሁሉ፣ ክብደት ከፈለጋችሁ ጡብ አለ። ጡብ ተውሶ ያልመለሰ ሰው ደግሞ እስካሁን አልገጠመኝም፣ ቢገጥመኝም አላዝንም።