«ወፍራሙን ውሰድ» ያላችሁኝ ሁሉ፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ

ለአንዲት ፒክአፕ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከማርሹ የሚያያይዘውንና የሚያላቅቀውን ክፍል) መግዛት የአገር ጉዳይ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ጎንደር ውስጥ ስለ ፍሪሲዮን አስተያየት የሌለው ሰው ካለ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሱቅ ስገባ «ሄቪ ዲዩቲውን ውሰድ»። ጋራዥ ስሄድ «ወፍራሙን አምጣና ልግጠምልህ»። ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ሳይቀር በቴሌግራም የሴራሚክ ዲስክ ፎቶ ልኮ «ይሄን ካስገባህ ለልጅ ልጅህ ታወርሰዋለህ» ይለኛል። በዚህ መሃል «ለመሆኑ በመኪናዋ ምን ትሠራባታለህ?» ያለኝ አንድ ሰው የለም።

ሳልጠየቅ ልናገራ። አሮጌ ሃይሉክስ ናት፤ ባለ 5 ኤል ሞተር፣ 3 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የላትም። ሥራዬ የመስኖ ፓምፕ መግጠም ነው። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። ከዚያ ፓምፕና ቱቦ ጭኜ አዘዞን አልፌ ወደ ደንቢያ እወርዳለሁ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ለጥገና የሚመለሱትን ፓምፖች ከየገበሬው እየለቀምኩ እመጣለሁ። የደንቢያን ዋልካ የማታውቁ ሐምሌ ላይ ቆላ ድባ ዙሪያ ብቅ በሉና እዩት። ጎማው የራሱ ጥርስ ጠፍቶ ጥቁር ድቡልቡል ይሆናል። ከዚያ ጭቃ ወጥቼ ማታ ፒያሳ ስገባ ደግሞ ከባጃጅ ኋላ እየተንፏቀቅኩ ነው። ናፍጣ የጠፋ ቀን ሰልፉም አለ፤ አንድ መኪና በተቀዳ ቁጥር ሁለት እርምጃ ፈቅ ማለት፣ መቆም፣ ፈቅ ማለት፣ መቆም። ያ ሁሉ የሚሠራው በዚያው በአንድ ፍሪሲዮን ነው።

ወፍራም ምናምን ስትሉኝ የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው። ፍሪሲዮን የሚይዘው በሦስት ነገር ነው። ዲስኩን የሚጫነው ሳህን፣ ፕሬዠር ፕሌቱ፣ ምን ያህል ይጫናል? ዲስኩ ላይ ያለው ሸራ ምን ያህል ይነክሳል? ዲስኩ ምን ያህል ሰፊ ነው? ዲስኩ ከቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ ከሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት) ፊት አልፎ ሊሰፋ አይችልም። ስለዚህ «የተጠናከረ» ብለው ሲሸጡላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ወይ ፕሬዠሩን አክብደውታል፣ ወይ ሸራውን ለውጠውታል። ሁለቱም በነጻ አይደሉም። ብሩን ማለቴ አይደለም፣ እሱማ የታወቀ ነው። ከባድ ፕሬዠር በረገጣችሁት ቁጥር የግራ እግራችሁን ጉልበት ይበላል። የፍሪሲዮኑን ፖምፓ ያለፋል። የሞተሩን ዘንግ ወደፊት እየገፋ ብሮንዚኑን (ዘንጉ የሚዞርበትን ልባስ) ያስጨንቃል።

ሴራሚኩ ደግሞ የባሰ ነው። ጥሩ ነገር አይደለም አላልኩም። ሙቀት ይችላል፤ ለውድድር መኪናና ለትራክተር የተመረጠው በዚህ ነው። ግን መሃል ላይ የሚባል ነገር አያውቅም። ወይ ለቋል፣ ወይ ይዟል። እስቲ በሴራሚክ ዲስክ ኮብልስቶን ዳገት ላይ ባላንስ ያዙ (ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዛችሁ ቁሙ)፤ ከፊት ባጃጅ ድንገት ቆሞ፣ ከኋላ ሚኒባስ መከላከያችሁን ሊነካ ተጠግቶ። መኪናዋ ትንቀጠቀጥና ወይ ትዘላለች ወይ ትጠፋለች። ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው «አባ፣ ምን ሆነች?» ሲሉኝ ለአክስቴ ልጅ ስልክ ደውዬ ላገናኛቸው? እሱ እንደሆነ ካናዳ በአውቶማቲክ ነው የሚነዳው።

ሌላም አለ። ፍሪሲዮን ሲጨንቀው መንሸራተቱ እኮ ለጥቅማችን ነው። እሱ አልንሸራተትም ካለ ድንጋጤው ወደ ካምቢዮ (ወደ ማርሽ ሳጥኑ)፣ ከካምቢዮ ወደ ዲፈረንሻል ይሄዳል። ያኔ ወጪውን ታዩታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፍ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ያንኑ የሳሳ አየር ነው የሚስበው። ፋብሪካው 200 ኒውተን ሜትር ገደማ የማዞር ጉልበት አለው ያለው ሞተር እኛ ጋ ሲደርስ ያን ያህል አይሰጥም። ታዲያ ባለሱቁ «400 ይችላል» እያለ የሚያሞግሰው ፍሪሲዮን የማንን ጉልበት ሊሸከም ነው? የኔዋ ግማሹን እንኳ አታገኘውም!

«ታዲያ ለምን ይቃጠላል?» ትሉኛላችሁ። የሚቃጠለው ጉልበት በዝቶ ሳይሆን አንሶ ነው። ሞተሩ ከታች አልነሳ ይላል። ሾፌሩ ነዳጅ ይሰጣል፣ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ላይ ይዞ ያስጮኸዋል፤ ሸራው ይቃጠላል፣ ሽታው ይመጣል። በዚያ ላይ ትልቅ ጎማ ያምርብኛል ብሎ ቀይሯል። ጎማው 10 በመቶ ከተለቀ መኪናው 10 በመቶ በከበደ ማርሽ እንደመነሳት ነው። ይሄ ሁሉ ሆኖ ከካምቢዮው ጎን ያለችውን አጭር ማርሽ የሚነካት የለም። ፎር ሎው አስገብተህ ብትነሳ እኮ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት ከ2 እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ፍሪሲዮኑ ብዙም ሳይሞቅ ከጭቃው ትወጣለህ። ግን አይሆንም፤ ሎው ማስገባት ሽንፈት ነው የሚመስለን።

እና እኔ የምፈልገው ምንድነው? የፋብሪካው ስፋት ያለው፣ ጥሩ ሞላ ያለው፣ ተራ ኦርጋኒክ ሸራ። ፕሬዠሩ ከፋብሪካው ትንሽ ጠንከር ቢል አልጠላም፣ ትንሽ ነው ያልኩት። ከሱ ጋር አዲስ ኩሽኔታ። በቃ። ይሄን ስጠይቅ ባለሱቁ እንደ ድሃ ያየኛል። «እሱን ሰው አይጠይቅም፣ ወንድሜ» አለኝ አንዱ። ሌላው አንድ ካርቶን አወጣ፤ ካርቶኑ ጃፓን ይላል። ዲያሜትሩን ልለካ፣ የመሃሉን ጥርስ ልቁጠር፣ ልክፈተው አልኩት።

«ከከፈትከው ወሰድከው።»

ከጀርባው ግድግዳ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተለጥፏል። ሳልከፍት ገዝቼ፣ ካምቢዮ አስወርጄ፣ አልገጥም ሲል ግድግዳውን ላንብብ?

ደግ ነገር ካገኘሁ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። «አያ፣ አንቱ ምን ይሉኛል?» አልኳቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ «መጀመሪያ ይውረድና ዘይት ነክቶት እንደሁ እንየው» አሉ። «ኦይል ሲሉ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ እያፈሰሰ ከሆነ የወርቅም ብታስገባ በወሩ ይንሸራተታል።» ቮላኖውንም ቶርኖ ቤት ወስደን ፊቱን እናስልገዋለን አሉኝ። ይሄን ሁሉ ጊዜ ስንከራተት ስለ ኦይል ሲል ያነሳልኝ ሰው አልነበረም።

ገጠማው ላይም ሌላ ጣጣ አለ። አዲስ ሸራ ከ500 እስከ 1,000 ኪሎ ሜትር ያለ ጭነት ቀስ እያለ መላመድ አለበት። እዚህ ግን ወጣቱ መካኒክ የመጨረሻውን ብሎን እንዳሰረ ወደ ጎሃ ዳገት ይዟት ይወጣና በ3ኛ ማርሽ አስነስቶ «አየህ? ቀጥ!» ይላል። አዎ፣ ቀጥ። ሽታውስ?

ጎንደር ውስጥ ካርቶን ከፍቶ፣ አስለክቶ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ንገሩኝ። ባሕር ዳርም ቢሆን እሄዳለሁ። ፍሪሲዮኔ አሁን 4ኛ ማርሽ ላይ መንሸራተት ስለጀመረ ግን፣ ዳገት በሌለበት በኩል ይሁንልኝ።