ለዘር ሌባ ሽማግሌ አይላክም

የፎገራ ሰው፣ ዛሬ ጉዳዬ ከእናንተ ጋር ነው። ነጋዴውን ትቼዋለሁ፣ እሱ የሚያውቀው ብሩን ነው።

መቼም አልረሳችሁትም። ከገበያ የለቃቀመውን ሩዝ “የተሻሻለ ዘር” የሚል ከረጢት ውስጥ ሞልቶ፣ አፉን ሰፍቶ ሸጠ። የገዛችው ባሏ የሞተባት ጎረቤታችሁ ናት። ክረምቱን ሙሉ ከልጆቿ ጋር ውኃ ውስጥ ጎንበስ ብላ አረመች። ጥቅምት ላይ ማሳው ጉዱን አወጣ። አንዱ ዘለላ ቢጫ ሆኖ ይረግፋል፣ አጠገቡ ያለው ገና እሸት ነው፣ መሀል መሀሉን ቀይ ሩዝ አንገቱን አስግጎ ቆሟል። መቼ ትጨደው? ያልደረሰውን ስትጠብቅ የደረሰው ረገፈ። የተረፈውን መፈልፈያ ብትወስደው እኩል ስላልደረቀ ደቀቀ፣ ገዢውም በስባሪ ዋጋ ወሰደባት።

ልትከሰው ስትነሳ ምን አደረጋችሁ? ሽማግሌ ላካችሁ! “ተይው፣ ሰው ነው ይሳሳታል” አላችኋት። ጉልበቷን ሳመ፣ ቡና ተፈላ፣ አለቀ። ካሳ የሚል ቃል ከአንድ ሰው አፍ አልወጣም። ሰኔ ሲመጣ ደግሞ እዚያው ነጋዴ ደጃፍ ለዘር ተሰለፋችሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የሷ ኪሳራ ብቻ አይደለም፣ ጥሩ ዘር ለማውጣት የሚለፋው ልፋትም ነው። ኔሪካ የሚባለውን የተዳቀለ ሩዝ ታውቁታላችሁ። የአፍሪካና የእስያ ሩዝ ሲዳቀሉ ዘሩ ስለሚመክን፣ ተመራማሪዎቹ ፅንሱን ከአበባው አውጥተው ላቦራቶሪ ውስጥ ነበር የሚያሳድጉት። ሥራውን የመሩት ሴራሊዮናዊው ሞንቲ ጆንስ እ.ኤ.አ. በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማት ያገኙት በዚሁ ነው። ፊሊፒንስ ያለው የሩዝ ምርምር ተቋም ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል ጎርፍ ውስጥ ሰጥሞ የሚተርፍ ሩዝ አውጥቷል። እዚሁ ወረታ ያለው የሩዝ ምርምር ማዕከልም አንድ ዝርያ ለመልቀቅ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ያዳቅላል፣ ይመርጣል፣ የተለያየ ቦታ ዘርቶ ያያል። ይሄ ሁሉ ልፋት ገበሬው ቤት የሚገባው በከረጢት ነው። እናንተ ይቅር ያላችሁት ያንን ከረጢት ነው።

እሷ አሁን “ከምርምር የወጣ ዘር” ሲሏት ትስቃለች። ሰሜን ኮሪያውያን ያመጡትን ኤክስ ጅግና የሚባለውን የድሮ ሩዝ ከጎተራዋ አውጥታ ትዘራለች። ማን ይፈርድባታል?

ሰኔ ደርሷል። ከረጢቱ ላይ ያለውን መለያ ወረቀት አንብቡ፣ ማንበብ የማይችል ልጁን ያስነብብ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ሽምግልናው ካልቀረ ሰውየው መጀመሪያ ካሳውን ይዞ ይቅረብ። ትሰሙኛላችሁ ብዬ ብዙ አልጠብቅም፣ ስንቱ ተናግሮ ደክሞታል። ግን እስቲ ዘንድሮ፣ አንድ ሰው እንኳ...