ማስተካከያ፦ በሙዚቃ የሚሠራ የገና መብራት የኃይል አሰጣጥ

ቀደም ሲል «200 ባለ 5 ቮልት ፒክስል (ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ያለው፣ በየራሱ ቀለሙ የሚቀየር ትንሽ መብራት) ከአንድ ጫፍ ብቻ ኃይል ቢያገኝ ይበቃዋል» ብለን ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። አንዱ ፒክስል ሙሉ ነጭ ሲበራ እስከ 60 ሚሊአምፔር ይስባል፤ 200ው ሲደመር 12 አምፔር ይሆናል። ቀጭኑ ሽቦ ላይ ቮልቴጁ እየወረደ ሲሄድ ቀድሞ የሚደክመው ሰማያዊው ብርሃን ነው። ስለዚህ ነጩ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ቢጫ ይሆናል፣ ቀጥሎም ቀይ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ኤክስላይትስ (xLights፣ መብራቱን ከሙዚቃው ጋር የምናቀናብርበት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ላይ ያቀናበረውን ማፍረስ ይጀምራል፤ እባካችሁ አትንኩት፣ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው።

በየ50 ፒክስሉ ከፓወር ሰፕላይው ተጨማሪ የኃይል ሽቦ አገናኙ። ሁለት ፓወር ሰፕላይ ከተጠቀማችሁ ኔጌቲቩንና የዳታውን ሽቦ አገናኙ፤ ፖዘቲቩን ግን መገናኛቸው ላይ ቁረጡት። ብርሃኑን ወደ 30 በመቶ ማውረድም ጭነቱን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ለጨለማ ከበቂ በላይ ነው። በአንድ ዩኒቨርስ (የመብራት ትእዛዝ የሚላክበት የ512 ቻናል ጥቅል) 170 ፒክስል ያልነው አልተለወጠም።