ለክቡር ሀርድ ዲስክ የቀረበ ግልጽ አቤቱታ

ለክቡር ሀርድ ዲስክ
ባሉበት፣ ከጠረጴዛዬ ሥር

ጉዳዩ፦ በሕይወት መኖርዎን ወይም መሞትዎን ቁርጡን እንዲያሳውቁኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው፣ እኔ አመልካች በደሴ ከተማ ፒያሳ አካባቢ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ማመልከቻ፣ ውልና የሥራ ልምድ እየጻፍሁ የምተዳደር ስሆን፣ እርስዎም በዚያችው ክፍል ላለፉት ስድስት ዓመታት ኪራይ ሳይከፍሉ፣ የባለጉዳዩን ሁሉ ምስጢር በ500 ጊጋባይት ሆድዎ ይዘው፣ በደቂቃ 7,200 ጊዜ እየተሽከረከሩ መኖርዎ ይታወቃል።

ባለፈው ሰኞ ማለዳ፣ ጉሙ ገና ከጦሳ ተራራ ሳይገፈፍ፣ ሦስት ባለጉዳዮች አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ ኮምፒውተሩን ባበራው፣ ኡቡንቱ የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት የወትሮ ምልክት በማሳየት ፈንታ በጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪው» የሚል አንድ መስመር ብቻ አውጥተው ዝም አሉ። ግረብ ማለት ኮምፒውተሩ ሲበራ ሊኑክስን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ሥርዓት፣ ካለበት ፈልጎ የሚቀሰቅስ ዘበኛ ነው፤ ይህ ጽሑፍ መጣ ማለት ደግሞ ዘበኛው ነቅቷል፣ የጌታው ቤት ግን ጠፍቶበታል ማለት ነው። ፓርቲሽኖችዎን፣ ማለትም ሆድዎ የተከፈለባቸውን ክፍሎች፣ አንድ በአንድ አስቆጥሬ ቤቱ የትኛው እንደሆነ በእጄ ጽፌ ብነግረው ተንቀሳቀሰ፤ ግማሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ግን ሊኑክስ ሙሉ በሙሉ ከመነሣቱ በፊት ለጊዜው በሚያርፍበት፣ «ኢኒትራምኤፍኤስ» በሚባለው ባዶ ሜዳ ላይ አውርዶኝ፣ ፓርቲሽኑ ስለተበላሸ ራስህ መርምረው ብሎኝ ቀረ።

አጠገቤ ፎቶ ኮፒ የሚያነሣው ወዳጄ ይህን አይቶ «ሊኑክስ ምናምን እያልህ ስትራቀቅ ነው» አለኝ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. ሄልሲንኪ ላይ የሊኑክስን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ሲጀምር የእርስዎን የጽሑፍ ሰሌዳ ለመፋቅ እንዳላሰበና፣ የተፋቀ ሰሌዳ በዊንዶውስም ቢሆን እንደማይነበብ ለማስረዳት ሞከርሁ፤ ባለጉዳዮቹ ግን እሱን አመኑ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት አልደብቅም። የታመመ ዲስክ በቅድሚያ ይገለበጣል እንጂ አይጠገንም፤ ጥገናው በላዩ ላይ መጻፍ ነውና የቀረውንም ያጠፋል። እኔ ግን ባለጉዳይ ፊት እንዳላፍር ቸኩዬ ኤፍኤስሲኬ የተባለውን መርማሪ ጠራሁት። እሱ «ላስተካክል?» እያለ፣ እኔ «ዋይ» የምትለዋን የእሺታ ቁልፍ እየተጫንሁ፣ አቦል ሲቀዳ የተጀመረው ጥያቄ ቶናን ተሻግሮ በረካ ላይ ደረሰ። ቡናውን ያፈሉት የጎረቤት እናት «አብሽር ልጄ፣ ይሽረዋል» ብለው እጣኑን ወደ እርስዎ አቅጣጫ ጨመር አደረጉበት፤ ከእኔ ምርመራ የእሳቸው ሕክምና ያነሰ ጉዳት እንዳደረሰብዎት ዛሬ አምናለሁ። መርማሪው ሲጨርስ «የጠፉና የተገኙ» የሚል ትርጉም ባለው ፎልደር ውስጥ የሰዉን ጽሑፍ ሁሉ ስሙን ገፍፎ ከምሮት አገኘሁት። የአንድ አዛውንት ገበሬ የወሰን ክርክር አቤቱታ ቁጥር 131082 ተብሏል። ሰውዬው በየቢሮው በር ላይ ቁጥር ይዘው መሰለፋቸው ሳያንስ፣ እርስዎ ሆድ ውስጥም ተራ ያዙ።

ቀጥሎ ስማርት የተባለውን፣ ስለ ጤናዎ ራስዎ የሚይዙትን መዝገብ ገለጥሁ። ከላይ በትልቁ «አልፏል» ይላል። ወረድ ሲባል ግን ቁጥር 5 በተሰጠው መስመር 1,384 ሴክተሮች፣ ማለትም ጽሑፍ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ቦታዎች፣ ሞተው በመጠባበቂያ እንደተተኩ፣ ቁጥር 197 በተሰጠው ደግሞ 212 ሴክተሮች ማንበብ እምቢ ብለው ፍርዳቸውን እንደሚጠብቁ ተጽፏል። የኬብል ስሕተት የሚቆጠርበት ባለ ቁጥር 199 መስመር ዜሮ ስለሆነ በኬብሉ ማሳበብም አይችሉም። ከዚህ ወደ ሰሜን ብዙም በማትርቀው ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል፣ 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግዴታ ሆኖ ተገኝቶ አገር ለአገር እንዳጣላ ያውቃሉ። ያኛውስ ቢሆን ሁለት ቋንቋ ነበረው፤ እርስዎ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ገጽ ላይ፣ ከላይ ጤነኛ ከታች አስከሬን ሆነው ቀረቡ።

ሌሊት ሌሊት የሚያሰሙት ድምፅም ሌላ ጉዳይ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ ይሉና ጥቂት አርፈው እንደገና ቀጭ ይላሉ። የማንበቢያው ክንድ የሚፈልገውን አጥቶ ወደ መነሻው እየተመለሰ መሆኑ ይገባኛል፤ ነገር ግን ባቲንም አምባሰልንም ለቅኝት ባበረከተ አገር እየኖሩ፣ ከትዝታም ከአንቺ ሆዬም የማይገጥም ነገር ሲያንጎራጉሩ ማደር ነውር ነው።

ደንበኞቼን «ግልባጭ ያስቀሩ» እያልሁ ስመክር መኖሬን፣ ለእያንዳንዱ ግልባጭም ማስከፈሌን በዚህ አጋጣሚ ባያነሡብኝ ደስ ይለኛል። አሁን በተዋስሁት ፍላሽ ኮምፒውተሩን አስነሥቼ፣ ዲዲሬስኪው በሚባለው ፕሮግራም ከእርስዎ ወደ አዲስ ዲስክ እየገለበጥሁ እገኛለሁ። አመሉ ደግ ነው፤ እምቢ ያለውን ቦታ ዘሎ ጤነኛውን አስቀድሞ ያወጣል፣ ወደ እምቢተኛው በኋላ በጥቂት በጥቂቱ ይመለሳል። የደረሰበትንም አዲሱ ዲስክ ላይ ባስቀመጥሁለት መዝገብ ስለሚጽፍ፣ ትናንት ማታ መብራት ሲሄድ ካቆመበት ቀጠለ እንጂ ከሀ አልጀመረም። ኮምፒውተሩ በዚህ ስለተያዘ፣ ለሰው ሁሉ በኮምፒውተር የምጽፍ እኔ የራሴን አቤቱታ በእስክሪፕቶ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ስለሆነም፣ ጉዳዩ ቁርጡን ማወቅ ነው ብዬ ብነሣም፣ ይህን በምጽፍበት ሰዓት 91 በመቶ ላይ ስለደረስን፣ እስከ ነገ ረፋድ ድረስ ቁርጡን እንዳያሳውቁኝ፣ ቀጭ ማለትዎንም እንደ ልብዎ እንዲቀጥሉ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አመልካች

ግልባጭ፦
ለአዲሱ ዲስክ (በመገልበጥ ላይ፣ መብራት ካልሄደ)