እርማት፦ 12ቱ «የጀግና ጉዞ» ደረጃዎች የካምቤል አይደሉም

«የጀግና ጉዞ» የአፈ ታሪክ ተመራማሪው ጆሴፍ ካምቤል ያብራራው፣ ጀግናው ከቤቱ ወጥቶ፣ ፈተና አልፎና ተለውጦ የሚመለስበት የታሪክ አወቃቀር ነው። በዚህ አወቃቀር ጂም ለማስተዋወቅ «ጆሴፍ ካምቤል የደነገጋቸውን 12 ደረጃዎች አንድ በአንድ መከተል ግድ ነው» ተብሎ የሚጻፈው ምክር፣ በብዙዎች ዘንድ የሚደጋገም ቢሆንም ስህተት ነው። ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ የዘረዘራቸው ደረጃዎች 17 ሲሆኑ፣ ዓላማውም አፈ ታሪኮችን ማነጻጸር እንጂ ለነጋዴ ምክር መስጠት አልነበረም፤ ለሆሊውድ ፊልም ጸሐፊዎች እንዲያመች ወደ 12 ያሳጠራቸው ክሪስቶፈር ቮግለር ነው። ደረጃ መቁጠሩም ቢሆን የግድ አይደለም፦ በፖስታ ይላክ የነበረው የሰውነት ገንቢው የቻርልስ አትላስ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ለአሥርተ ዓመታት የተዋወቀው፣ በባሕር ዳርቻ ጉልበተኛ አሸዋ የረጨበት ቀጭን ወጣት ሠልጥኖና ፈርጥሞ ሲመለስ በሚያሳዩ ጥቂት የካርቱን ሥዕሎች ነው። ልብ ይበሉ (ብዙ የጂም ባለቤቶች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው)፣ የዚያ ታሪክ ጀግና ደንበኛው ወጣት እንጂ አትላስ ራሱ አይደለም።